ያረጀ ራዳር እንዴት ይታደሳል? የፒ-18 ምሳሌ

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999 ምሽት በሰርቢያ ቡድያኖቭሲ በተባለች መንደር አቅራቢያ የአሜሪካ አየር ኃይል ኤፍ-117 አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ። ይህ አውሮፕላን ከራዳር እይታ እንዲሰወር ታስቦ የተሠራ ነበር። ለሚሳይል ክፍሉ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠው ግን ፒ-18 የተባለ፣ በ1970ዎቹ መባቻ በሶቪየት ኅብረት አገልግሎት ላይ የዋለና በከባድ መኪና የሚጓጓዝ ራዳር ነው።

ለዚህ ምክንያት የሆነው የሞገዱ ርዝመት ነው። ፒ-18 የሚሠራው በ150 እና በ170 ሜጋኸርዝ መካከል ሲሆን፣ የሞገዱ ርዝመት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። የኤፍ-117 ጠፍጣፋ ገጾች በሴንቲሜትር የሚለካ ሞገድን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንጸባርቃሉ። የሞገዱ ርዝመት ከክንፉና ከጅራቱ ክፍሎች መጠን ጋር ሲቀራረብ ግን የቅርጹ ጥበብ ብዙም አይረዳም። የሞገድ ርዝመት ደግሞ አያረጅም። አሥራ ስድስቱ የያጊ አንቴናዎችም ቢሆኑ፣ ዝገት ካልበላቸው በስተቀር፣ ዛሬም በተሠሩበት ዘመን እንደነበሩት ያገለግላሉ።

ታዲያ የሚያረጀው ምኑ ነው? በቅድሚያ የቫኪዩም ቱቦዎቹ ናቸው፤ በድሮ ሬዲዮኖች ውስጥ እንደ አምፖል ሲበሩ የምናያቸው ዓይነት። ኤሌክትሮን የሚያመነጨው ካቶዳቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይደክማል። በመጋዘን የተቀመጡትም ቢሆኑ ቀስ በቀስ አየር ሊያስገቡ ይችላሉ። ካፓሲተሮች ይደርቃሉ፣ ከሚዞረው አንቴና ምልክት የሚያስተላልፉት ቀለበቶችና ብሩሾችም ይበላሉ። እነዚህ ሁሉ በትዕግሥት የሚጠገኑ ናቸው። ከሁሉ የሚያስቸግረው የራዳሩ «ትውስታ» ነው።

ራዳር አውሮፕላንን ከተራራ የሚለየው እንዴት እንደሆነ እንመልከት። ፒ-18 በሰከንድ 360 ያህል ምቶችን ይልካል። በሰከንድ 250 ሜትር ወደ ራዳሩ የሚበር አውሮፕላን በሁለት ምቶች መካከል 0.7 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሞገዱ ደርሶ ስለሚመለስ የመንገዱ ርዝመት በ1.4 ሜትር ያጥራል። ይህ የአንድ ሞገድ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ የማሚቶው ፌዝ በግልጽ ይለወጣል። የተራራው ማሚቶ ግን ባለበት ይቆያል። እንግዲህ የአሁኑን ማሚቶ ከቀዳሚው ብንቀንሰው ተራራው ይጠፋል፣ አውሮፕላኑ ይቀራል።

ለመቀነስ ግን ቀዳሚውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የፒ-18 ነዳፊዎች ማሚቶውን ፖቴንሺያሎስኮፕ በሚባል የኤሌክትሮን ጨረር ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙል መልክ ያስቀምጡት ነበር። ለጊዜው እጅግ ብልህ ዘዴ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ቱቦው ሲያረጅ ወይም የሙቀት መጠን ሲለዋወጥ ቅነሳው ይዛባል፤ የተራራው ቅሪትም ስክሪኑን ይሸፍናል። ያን የሚያስተካክለው ደግሞ እጁ የለመደ ቴክኒሺያን ነው። ይህ ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ ራዳሩም አብሮት ጡረታ ይወጣል ብንል ብዙም አላጋነንንም።

በዩክሬን፣ በሃንጋሪና በሊቱዌኒያ ፒ-18ን ያደሱ ባለሙያዎች በዋነኛነት ያተኮሩት በዚህ ላይ ነው። ማሚቶው ወደ አሃዝ ይለወጣል፣ በኮምፒዩተር ትውስታ ይቀመጣል፣ ቅነሳውም ሒሳብ ይሆናል። አሃዝ በሙቀት አይዛባም። ከሁለት ምቶች ይልቅ የበርካታ ምቶችን ማሚቶ በአንድነት ማስላትም ይቻላል።

አስተላላፊውን በትራንዚስተር መተካት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የጥንቱ ቱቦ ወደ 250 ኪሎዋት የሚደርስ ኃይል ለ6 ማይክሮሰከንድ ይለቃል፤ ይህም 1.5 ጁል ነው። አዲሱ የትራንዚስተር አስተላላፊ 10 ኪሎዋት ብቻ ያለው ነው እንበል። ያንኑ ኢነርጂ ለመላክ 150 ማይክሮሰከንድ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በ6 ማይክሮሰከንድ ምት 900 ሜትር የሚራራቁ ሁለት አውሮፕላኖችን መለየት ሲቻል፣ በ150 ማይክሮሰከንድ ምት ርቀቱ 22.5 ኪሎሜትር ይሆናል! መፍትሔው በምቱ ውስጥ ድግግሞሹን ቀስ በቀስ መለወጥና ሲመለስ በስሌት ማመቅ ነው። ድግግሞሹ በ1 ሜጋኸርዝ ከተለወጠ መለየት የሚቻለው ርቀት ወደ 150 ሜትር ይወርዳል፤ ከጥንቱም ይሻላል ማለት ነው። ረጅሙ ምት እየተላከ ሳለ ተቀባዩ ስለማይሰማ፣ ለቅርብ ርቀት ተጨማሪ አጭር ምት ይላካል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የእድሳት ውል የሚፈርሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚረሱት አንድ ነገር አለ። የጨረሩ ስፋት የሚወሰነው በአንቴናው ስፋትና በሞገዱ ርዝመት እንጂ በኮምፒዩተሩ ፍጥነት አይደለም። የፒ-18 ጨረር ቢያንስ 6 ዲግሪ ያህል ስፋት ስላለው፣ በ200 ኪሎሜትር ርቀት ላይ 21 ኪሎሜትር ገደማ ይሸፍናል። በስሌት የጨረሩን መካከል በተሻለ ሁኔታ መገመት ይቻላል፤ ጎን ለጎን የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖችን መለየት ግን አስቸጋሪ ሆኖ ይቀራል። ከፍታንም ለማወቅ ቀድሞ እንደነበረው ሁሉ ከጎኑ ሌላ ራዳር መቆም ይኖርበታል።