እስከ ዛሬ ማን ጠይቆህ ያውቃል?

«እትዬ፣ የ31 ዓመት ወንድ ነኝ። ሲቪል ምህንድስና ተምሬ በአንድ የግንባታ ድርጅት የሳይት መሐንዲስ ሆኜ እሠራለሁ። ደመወዜ ክፉ አይደለም፤ ቤተሰቤም ይኮራብኛል። እኔ ግን ጠዋት ስነሳ ልቤ ይከብዳል። እህቴ ዲቪ ሙላ ትላለች፤ እናቴ አግባ ትላለች፤ ጓደኞቼ የራስህን ሥራ ጀምር ይሉኛል። ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ሳስጠና ብቻ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም። የሚፈልገውን የማያውቅ ሰው ምን ይሻለዋል?»
ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ አለማወቅህ አይግረምህ። እስከ ዛሬ ማን ጠይቆህ ያውቃል? አንተ ዩኒቨርሲቲ በገባህበት ዘመን 70 በ30 በሚባለው ቅበላ አብዛኛው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ነበር የሚመደበው። ሒሳብ የሚሆንለት ልጅ ምህንድስና ይሞላል፤ ሰፈሩም ገና ሳይመረቅ «ኢንጂነር» ይለዋል። መፈለግም ልምምድ ይጠይቃል፤ አንተ ዕድሉን አላገኘህም።

አሁንም ያው ነው። ዲቪው የእህትህ፣ ሠርጉ የእናትህ፣ ንግዱ የጓደኞችህ ሐሳብ ነው። (ዲቪው ከተከፈተ ሙላ፤ አልከለክልህም። ዕጣው ቢወጣልህ ግን «ምን እፈልጋለሁ?» የሚለው ጥያቄ አብሮህ ይሳፈራል።) የራስህ የሆነችው የቅዳሜዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። እንደ ዋዛ ጣል አድርገሃት አለፍክ፤ የእኔ ዓይን ግን እሷ ላይ ቀረ።

ሥራህን ለቅቀህ መምህር ሁን አልልህም። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ፤ ቤተሰብ የምትጦር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀላል አይደለም። መጪውን ክረምት ግን ተጠቀምበት። ተማሪው እረፍት ላይ ነው፤ ዝናቡም የሳይቱን ሥራ ያቀዘቅዘዋል። የምታስጠናበትን ቀን ጨምር። ልጆቹ ሲሰለቹ፣ ወላጅ ክፍያ ሲያዘገይ፣ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ስታስረዳ ልብህ የሚልህን ስማ። ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ ፍላጎቱን ያገኘ ሰው አላጋጠመኝም። ያኔም ደስታው ካልለቀቀህ፣ ሌላ ሙያ ተምረው መምህር ለመሆን ለሚፈልጉ የሚሰጠውን ፒጂዲቲ የሚባል የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ አቅራቢያህ ያለ ዩኒቨርሲቲ ይሰጥ እንደሆነ ሄደህ ጠይቅ። ከለቀቀህም የሄደብህ አንድ ክረምት ነው።

ለእናትህ ግን ክረምቱን ሳትጠብቅ ጭንቀትህን ንገራት። «አግባ» የምትልህ ከፍቶህ እያየች ሌላ መድኃኒት ስላጣች ይሆናል። መስከረም ላይ ጻፍልኝ፤ ደብዳቤህን እጠብቃለሁ።