የብር ድሪ ሠሪ

በቀድሞ ዘመን በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር የብር ድሪ ለሴት ጌጥዋ ብቻ አልነበረም፤ ጎተራዋም ነበረ።

ድሪ ማሠራት የፈለገች ሴት የማሪያ ቴሬዛን ብር ቈጥራ ለአንጥረኛው ትሰጠው ነበር። በዚህ ብር ላይ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተቀርጾበታል፤ የአንዱም ክብደት 28 ግራም ያህል ነው። አንጥረኛው እሳቱን በወናፍ አናፍቶ ብሩን ያቀልጣል። ከዚያም ቀጥቅጦ በብረት ቀዳዳ ውስጥ እየሳበ እንደ ክር ያቀጥነዋል። ክሩንም በዘንግ ላይ ጠምጥሞ ሲቈርጠው ትንንሽ ቀለበቶች ይሆናሉ። አንዱን ቀለበት በሁለተኛው፥ ሁለተኛውን በሦስተኛው ውስጥ እያገባ አፋቸውን በእሳት ይበይዳል። ከብዙዎቹ አንዱ ሳይበየድ ቢቀር ድሪው ተበጥሶ በመንገድ ይወድቃል።

ሰው ግን ጌጡን እየወደደ ሠሪውን ይንቅ ነበር፤ ይህ እጅግ የሚያስገርም ነው። ስለዚህ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነገሩ።

ዝናብ ቀርቶ ረኃብ ሲመጣ ሴቲቱ ድሪዋን ይዛ ወደ አንጥረኛው ትመለሳለች። ልጆችዋ ተርበዋልና ስለ ዋጋው ለመከራከር ጕልበት የላትም። አንጥረኛው ስስታም ቢሆን በእኩሌታ ዋጋ ይገዛታል፤ የሚከለክለውም የለም። ደግ ቢሆን ግን በፊትዋ መዝኖ ሙሉውን ዋጋ ይሰጣታል፤ ድሪውንም ሳያቀልጥ በሣጥኑ ያኖርላታል። አዝመራው በደረሰ ጊዜ ሴቲቱ ገንዘቡን ይዛ ትመጣለች፤ ድሪዋንም ተቀብላ በልጅዋ አንገት ታስራለች።