ጠዋት የሚያንቅ ኮሌታ

ፊት ሲያብጥ በየቤታችን ቀድሞ የሚጠራው ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሻል። አልለቅ ሲል ኩላሊት ይጠረጠራል፤ ይህኛው እንኳ መሠረት ያለው ጥርጣሬ ነው። የኩላሊት እብጠት ግን ጠዋት ዐይን ላይ ታይቶ ማታ እግር ላይ ይገኛል። አሁን የማወራው ከደረት በታች አይወርድም። ትናንት ልክ የነበረው የሸሚዝ ኮሌታ ጠዋት አልቆለፍ ይላል፤ ጫማ ለማሰር ሲያጎነብሱ ጭንቅላት ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ቀና ብለው ቢቀመጡም የአንገት ሥሮች እንደተገተሩ ናቸው።

ከጭንቅላት፣ ከአንገትና ከሁለቱ እጆች የሚመለሰው ደም ልብ የሚገባው 7 ሳንቲ ሜትር ግድም ርዝመት ባለው አንድ ደም መልስ ነው። ግድግዳው ስስ፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ አጠገቡ የበቀለ ነገር በቀላሉ ይጫነዋል። ደም ግን ቆሞ አይቀርም። ዋናው አስፋልት ሲዘጋ ሚኒባሶች በውስጥ ለውስጥ እንደሚሹለኮሉት፣ በትንንሽ ሥሮች ይዞራል። ደረት ላይ ድንገት ጎልተው የሚታዩት ሰማያዊ ሥሮች እነዚያ ናቸው።

ሐኪሙ ዊልያም ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1757 ይህን መዘጋት ሲገልጽ ጥፋተኛው በቂጥኝ ያበጠ ትልቅ ደም ቅዳ ነበር። ዛሬ በብዛት የሳንባ ካንሰርና ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ናቸው። አልፎ አልፎ ደግሞ ታይሞማ ይሆናል፤ ከፍርምባ ጀርባ ካለው፣ ልጅነት ሲያልፍ እየሟሸሸ ከሚሄደው የታይመስ ዕጢ የሚነሳ ብርቅ እባጭ ነው። ማታ ማታ የዐይን ቆብ የሚወድቅበት፣ ሥጋ ሲያኝክ መንጋጋው የሚዝል ሰው ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር፤ ታይሞማ ካለባቸው ከሦስቱ አንዱ ያህል ይህ የጡንቻ መድከም አለባቸው።

ቤተሰብ «ቶሎ መድኃኒት ይጀመርለት» ብሎ ሲያጣድፍ ይገባኛል። ነገር ግን ናሙና ሳይወሰድ የተሰጠ ፕሬድኒሶሎን ሊምፎማን አሟሽሾ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል፤ የሊምፎማና የታይሞማ ሕክምና ደግሞ ለየቅል ነው። ታይሞማ ከተቻለ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ የወረረው ደም መልስም ተቆርጦ ይተካል። ትንፋሽ ማፏጨት ወይም መደናገር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

እስከዚያው ትራስ ደራርበው ይተኙ፤ ቀለበትዎን ያውልቁ። ነርስ ግሉኮስ ልትሰካ ክንድዎን ስትዳብስ፣ እግር ላይ ቢሆን ይሻል እንደሆነ ይጠይቋት። ባበጠ ክንድ የገባው መድኃኒትም ልብ ለመድረስ ያንኑ ጠመዝማዛ መንገድ ይዞራል።