ቀለሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጣሪያው

ጥቅምት ሲገባ በወሎው አርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ጠዋቱ ይቆነጥጣል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ማግስት ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋቢውን የተከናነበ ሁሉ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ፀሐይ መሞቅ ነው። የአካባቢው፣ የተሁለደሬ ወረዳ ሰው ይህን ከማንም አልተማረም።

ይህችን የፀሐይ ቦታ ቤታችሁ ውስጥ ያስገባችሁ አላችሁ። እዚያው ሐይቅ ከተማም ይሁን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ደሴ፣ አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ቦታ፣ በረንዳውን በመስታወት ዘግታችሁ ጠዋት አቦሉ የሚጠጣበት ሙቅ ጥግ አድርጋችኋል። እሰየው! አሁን ግን ልጠይቃችሁ፤ ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተቀመጣችሁበት? ብዙ ቤት ገብቼ ያየሁት በረንዳ የሽንኩርት ጆንያ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና ባዶ ጀሪካን የሰፈሩበት ነው። ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ጠብታ ነው። አንድ ክረምት አፈሰሰ፣ ባልዲ ተቀመጠለት፣ ባልዲው እዚያው ከረመ፣ ቀስ በቀስ እንደ ቤተሰብ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቡና የሚያፈላ ጠፋ።

ደስ የሚለው፣ ይህ ነገር ይመለሳል፤ አብዛኛውም በትንሽ ገንዘብ። የሚያስቸግረው የምንጀምርበት ቦታ ነው። ሰው የተነሳሳ ዕለት ቀለም ይገዛል። ቀለም ይታያል፤ ጎረቤት «እንዴት ያምራል!» ይላል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የላላ ሚስማር የቀየረን ሰው ግን ማንም አያመሰግነውም። ሆኖም ቤቱን የሚያቆመው ያ ያልተመሰገነ ሥራ ነው። ዘንድሮ ራሴን አሻሽላለሁ ብላችሁ ከተነሳችሁ፣ ማንም በማያየው ሥራ ጀምሩ እላለሁ። በረንዳችሁ ደግሞ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው።

ፀሐይዋን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ፤ እሷ የራሷን ሥራ ታውቃለች። መስታወት ብርሃኑን ያስገባል፣ ወለሉና ግድግዳው ሞቀው የሚመልሱትን ሙቀት ግን በቀላሉ አያስወጣም። አርዲቦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ፣ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ደቡብ 34 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ አናትን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ ደቡብን የሚያይ መስታወት በብርዱ ወር ፀሐይ ይጠግባል፣ በሰኔ ቀትር የራሱ ጣሪያ ጥላ ይሆንለታል። ለጠዋት ብርድ ደግሞ ምሥራቅን የሚያይ ይመረጣል። የፀሐይዋ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረው ጭንቀት በሙሉ የውሃ ነው።

ይህን ቀድሞ የገባው አንድ አትክልተኛ ነበር። በ1851 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ክሪስታል ፓላስ የሚባል ግዙፍ የመስታወት ቤት ሲቆም፣ ንድፉ የዚሁ አትክልተኛ፣ የጆሴፍ ፓክስተን ነበር። ወደ 300,000 የሚጠጋ መስታወት የገባበት ሕንፃ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን መስታወቱ አይደለም፤ አሸንዳው ነው። ፓክስተን ጣሪያውን ከሚሸከመው እንጨት ላይ ቦይ ቦረቦረ፤ የላይኛው ቦይ የዝናቡን ውሃ ይቀበል ነበር፣ በግራና በቀኝ ያሉት ትንንሾቹ ደግሞ መስታወቱ ከውስጥ ሲያልበው የሚንጠባጠበውን። ውሃው ከዚያ ውስጣቸው ክፍት በሆኑ የብረት ዓምዶች ወደ ምድር ይወርድ ነበር። የብርሃን ቤት ሠራ የተባለው ሰው ቀድሞ ያሰበው ውሃው የሚወጣበትን መንገድ ነበር።

ወደ እናንተ በረንዳ እንምጣ። መሰላል ስትወጡ መጀመሪያ የምታዩት የበረንዳው ክዳን ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ከአሥር ፍሳሽ ብዙው የሚገባው በዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በረንዳው በኋላ የተቀጠለ፣ የራሱ መሠረት ያለው ነው፤ ሁለቱ እኩል አይሰጥሙም፣ ፀሐይ ሲመታቸውም እኩል አይለጠጡም። ስለዚህ መገናኛውን በሲሚንቶ የደፈነ ሰው በዓመቱ ተሰንጥቆ ያገኘዋል፤ ደግሞ ይደፍናል፣ ደግሞ ይሰነጠቃል። መፍትሔው የታጠፈ ላሜራ ነው። አንዱ ጠርዝ ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈለ መስመር ይገባል፣ ሌላው ጠርዝ በክዳኑ ላይ ይተኛል፤ ሁለቱ ቢንቀሳቀሱም ውሃው በላዩ ይንሸራተታል። አንድ ጎበዝ ቆርቆሮ ሠሪ ግማሽ ቀን ቢሠራበት ነው።

ቀጥሎ ሚስማሮቹ። ከሥራቸው ያለችው ጎማ ፀሐይ ያደርቃታል፣ ትሰነጠቃለች፣ ሚስማሩም ይላላል። የላላውን መልሶ በመዶሻ መቀጥቀጥ ቀዳዳውን ያሰፋል እንጂ አያጠብቀውም፤ ነቅላችሁ ወፈር ባለ ባለጎማ ብሎን ተኩት። ሚስማር ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የመታ አናጢ ካጋጠማችሁ ሒሳቡን ከፍላችሁ አሰናብቱት። አሸንዳውን ከባሕር ዛፍ ቅጠል አጽዱ። በየሁለት ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት ካለው ይበቃዋል።

መስታወቱ ጋ ስትደርሱ እጃችሁን አታጣድፉ። የድሮው ስቱኮ ደርቆ ከተሰነጠቀ በቢላ ፈልፍላችሁ እስከ እንጨቱ አጽዱት፤ ላዩን መለጠፍ አሮጌውን ስንጥቅ መሸፈን ብቻ ነው። አዲሱን በአውራ ጣት እየተጫናችሁ ሙሉ፣ በተልባ ዘይት የተቦካ ከሆነም ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ሳትቀቡት ይቆይ። የምትጠቀሙት ሲሊኮን ከሆነ ሌላ ጠባይ አለው። እዚህ ላይ የአገራችን ምርጊት የሚያስተምረንን ላንሳ። ግድግዳ የሚመርግ ሰው ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ፣ ጥቂት ቀን አብላልቶ ካመጣ በኋላ፣ መጀመሪያ የደረቀውን አሮጌ ግድግዳ ውሃ ይረጨዋል። ካልረጨው አሮጌው ጭቃ የአዲሱን እርጥበት ይመጠውና ልጣፉ ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል። ሲሊኮን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እርጥብ ቦታ፣ አቧራ፣ ወይም አሮጌ ሲሊኮን ላይ አይይዝም። ተፍቆ፣ በአልኮል ተጠርጎ፣ ደርቆ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ባለሙያዎች ግን የሚሉት አንድ ነው፤ ከልጣፉ በፊት የሚለጠፍበት ቦታ ይዘጋጅ።

ፍሬሙ ብረት ከሆነ የታችኛውን ጠርዝ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ውሃ የሚተኛው፣ ዝገትም የሚጀምረው እዚያ ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ብሱ፤ ካለው ደግሞ በሲሊኮን የደፈነው ደግ ሰው እንዳይኖር አረጋግጡ። (ይህ በጣም የተለመደ ደግነት ነው።) ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አራግፉ፣ ፀረ ዝገት ቀቡ። ፍሬሙ እንጨት ከሆነ እግሩ አፈር እንዳይነካ በድንጋይ ላይ ይቁም፤ ምስጥ ከአፈር ነው የሚወጣው። ጽድ ይቋቋመዋል፣ ያልታከመ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ እጁን ይሰጣል። ጠዋት መስታወቱ ካላበው አትደንግጡ፤ የላይኛውንም የታችኛውንም መስኮት ሩብ ሰዓት ከፍታችሁ አናፍሱት።

ብዙ ነው? አዎ፣ በአንድ ቅዳሜ ልጨርሰው ካላችሁ ብዙ ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጠውም ይኸው ሐሳብ ነው። ወሎ ውስጥ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል፣ በልጉ ከየካቲት ጀምሮ ይጠበቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ የእናንተ ነው። አንዱን ሳምንት ለመገናኛው፣ ሌላውን ለሚስማሩ፣ ሌላውን ለሁለት መስታወት ብቻ ስጡ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ እጃችሁ ላይ አለ።

እንዲህ ያለ ቤት በእኛ አገር ዕድሜ የለውም የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ባለብዙ መስኮት ቤት ይይ። በ1979 ዓ.ም. ከተማዋ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው ይኸው ቤት ነው። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴልም ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ፣ ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። እሳት የነካው ከተመለሰ፣ ጠብታ ያስቀየመው በረንዳ አይመለስም የሚል ማነው?

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ማድረግ የምትችሉት አንድ ነገር አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከጎረቤት መሰላል ተዋሱ፣ የውሃ ጎማ ዘርጉ። አንድ ሰው ውስጥ ይቁምላችሁ። ውሃውን ከላይ አትጀምሩ፤ ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ቦታ ይረጥብና ቀዳዳው የቱ እንደሆነ አይለይም። ከታች ጀምራችሁ፣ መጀመሪያ የመስታወቱን የታች ጠርዝ፣ ከዚያ ጎኖቹን፣ ከዚያ ሚስማሮቹን፣ በመጨረሻ የግድግዳውን መገናኛ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ደቂቃ እየቆያችሁ አርጥቡ። ውስጥ ያለው ሰው «ገባ!» ባለ ቁጥር ውሃውን ዝጉና ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፤ ሲደርቅ ትመለሱበታላችሁ።