ቤቱ በማን ስም ይሁን? ጡረታቸውን ወረታ ለማሳለፍ ላሰቡ ጥንዶች

ወረታን በጥር ያያት ሰው ይወዳታል። ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ዘመድ ጥምቀትን አስታኮ በየቤቱ ይጠራል። የወረታ ልጅ አግብቶ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም አብሮ የመጣ ባል በሦስተኛው ቀን፣ «በቃ፣ ጡረታችንን የምናሳልፈው እዚህ ነው» ይላል። ሚስት ደስ ይላታል። የአክስቷ ልጅ ደግሞ በማግስቱ ደላላ ይዞ ከች ይላል። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥንዶች ነው፤ ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ብዙዎች በቅድሚያ የሚፈልጉት «የጡረታ ቪዛ» ነው። ታይላንድና ፊሊፒንስ ለጡረተኛ ብቻ ያዘጋጁት ቪዛ አላቸው፤ ይህን ያህል ገንዘብ በባንክ አስቀምጥ፣ ይህን ያህል የወር ገቢ አሳይ ብለው ያስገባሉ። እኛ ዘንድ በሩ የሚከፈተው በትውልድና በጋብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ለውጭው ሰው አይቀርብም፤ ለወረታዋ ልጅ ነው። ዛሬ የያዘችው ፓስፖርት የየትኛው አገር ነው?

የሌላ አገር ዜግነት ጠይቃ ከወሰደች፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የኢትዮጵያ ዜግነቷን በፈቃዷ እንደተወች ይቆጥራል። ጥምር ዜግነት የለም። መሳቢያ ውስጥ የቀረው የድሮ ፓስፖርት ቀኑ ባያልፍም እንኳ በእሱ መግባት ራስን ለችግር ማጋለጥ ነው። ለእሷ የተዘጋጀው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ሁሉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ በኢንቨስትመንት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ያስቆጥራል፤ ቤት ለማፍራትም ያስችላል። የማይሰጠው ነገር መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ነው። ለጡረተኛ ይህ ብዙም የሚያስቆጭ አይደለም።

ባልየውም የተረጋገጠ የጋብቻ ማስረጃ ይዞ በሚስቱ በኩል ይህንኑ ካርድ ማመልከት ይችላል። የጋብቻ ወረቀቱ በተሰጠበት አገር ተረጋግጦ፣ ከዚያም የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም አርፎበት መምጣት አለበት። አዲስ አበባ ደርሶ «ረስቼዋለሁ» ማለት የአንድ ወር መመላለስ ነው።

እሷ የኢትዮጵያ ዜግነቷን ያልለቀቀች ከሆነች ደግሞ ለባል ሌላ መንገድ አለ። ከተጋቡ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከሞላቸው፣ እሱም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከኖረ፣ የዜግነት አዋጁ አንቀጽ 6 ዜግነት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። እኔ ግን አልመክርም። ለዚያ ሲባል የራሱን ዜግነት መልቀቅ አለበት፤ ጡረታውና ሕክምናው ከዚያ ዜግነት ጋር የተሳሰረ ሰው በስተርጅና እንዲህ ያለ ቁማር መጫወት የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ጥንዶች ወረቀቱ አለቀ ብለው ያርፋሉ። ዋናው ነገር ግን አልተነካም። የባል ካርድ የቆመው በጋብቻው ላይ ነው። ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ እድሩም የመጡት በእሷ በኩል ነው። እሷ ብትቀድመውስ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከውጭ የመጣን ሰው ያስደነግጣል፤ ብዙ ኢትዮጵያዊም አያውቀውም። ኑዛዜ ሳይኖር ሰው ሲሞት የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ልጅ ከሌለ ወላጆቹ፣ እነሱ ካለፉ ወንድምና እህቱ። ባል ወይም ሚስት ከወራሾቹ ተርታ የለም። በሕይወት የቀረው ተጋቢ የሚያገኘው ከጋራ ንብረቱ የራሱን ግማሽ ነው፤ የሟች ግማሽ ወደ ደሙ ይሄዳል። ልጅ ያልወለዱ ጥንዶች ወረታ ላይ ጥሩ ቤት ሠርተው ሚስት ብታርፍ፣ ባል ከሰባት አማቾቹ፣ ከሚስቱ እህትና ወንድሞች ጋር ሳሎኑን ሲካፈል ይታይዎት። አማቾቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሕጉ የሰጣቸውን ነው የሚጠይቁት።

በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ይህ ባልን በግማሹ ይጠብቀዋል። ይህ ግምት የማይደርስበት ሁኔታ ደግሞ በየሰፈሩ የምናየው ነው፤ ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ተልኮ ቤቱ በወንድም ስም ይሠራል። «ለጊዜው ነው፣ ካርታው ሲወጣ እናዛውራለን» ይባላል። ጊዜው ያልፋል፣ ወንድም ያገባል፣ የወንድም ሚስት ትመጣለች፤ ቤቱ የሌላ ትዳር የጋራ ንብረት መምሰል ይጀምራል። ቢጫ ካርድ እያለ በወንድም ስም መሥራት ምክንያት የለውም። ባልየውስ በካርታው ላይ ስሙን ማስፈር ይችል እንደሆነ፣ ካርዱም ሚስቱ ብታርፍ ምን እንደሚሆን፣ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎትና ከከተማ አስተዳደሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። የቃል መልስ አይያዙ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ አጽድቋል፤ ጠበቃዎ ያንንም አንብቦ ይምጣ።

ከዚያ ኑዛዜ። እኛ አገር ኑዛዜ መጻፍ ሟርት ይመስለናል፤ ጤነኛ ሰው «ብሞት» ብሎ ሲጽፍ እናቱ ታማትባለች። ቢሆንም ይጻፉ። በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ኑዛዜ ይጸናል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። አንድ ስሕተት ግን በተለይ ከውጭ የሚመጡ ጥንዶችን ይጥላል፤ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜ በእኛ ሕግ ፈራሽ ነው። ውጭ አገር የተለመደውን የጋራ ኑዛዜ አስተርጉመው ቢያመጡት ዋጋ የለውም። ሁለት ሰው፣ ሁለት ወረቀት።

አሁን ወደ መሬቱ። መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ያለው ነው። ከተማ ውስጥ የሚያገኙት የሊዝ ይዞታ ነው፤ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት። ከከተማው ክልል ውጭ አንድ ገበሬ የሩዝ ማሳውን ቆርሶ «በስምምነት» ቢሰጥዎ፣ በዚያ ላይ የሚሠሩት የጨረቃ ቤት ነው። ይፈርሳል፤ ገንዘቡንም የሚመልስልዎ የለም።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ታሪክ ራሱ ስለ ቦታ ዋጋ ይናገራል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ሩዝ እስኪያስሞክሩ ድረስ፣ ውሃ የሚተኛበት ይህ መሬት ለግጦሽ እንጂ ለብዙ እህል አይመችም ነበር። ከዚያ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ሜዳውን ወረሰው፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያና የነጋዴ ከተማ ሆነች፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ተተከለባት። እንጀራው ሳይቀር ሩዝ ተቀላቅሎበት ነጣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠለውም እዚሁ ነው፤ ደረቅ ወደቡም እዚሁ ተሠርቷል። ቦታ ቢወደድ አይደንቅም። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ርካሽ ቦታ አለ ከተባሉ፣ ለምን ረከሰ ብለው ይጠይቁ።

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ከመግባታቸው በፊት በሜዳው ላይ ይዘረጋሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ብዙ ሰው አፈናቅሏል፤ እንደ ናቤጋና ዋገጠራ ያሉ ቀበሌዎችም ጎርፍን በየክረምቱ ይጠብቃሉ። ከጎርፉ ያመለጠው ቦታም ዋልካ አለበት። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በላዩ በቀጥታ የተቀመጠ ቤት ግድግዳው በሁለተኛው ዓመት ይከፈላል። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ ተሞልቶ መጠቅጠቅ፣ መሠረቱም ጠንካራው መሬት ላይ መድረስ አለበት። ወጪው ያናድዳል። ግን ከቤቱ ዋጋ ላይ የሚቀንሱት ሌላ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ ሁለተኛው ፎቅ። ለሰባ ዓመት ሰው ደረጃ ምን ይሠራለታል?

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አልፏል። የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍተው ጡረታዎን በዚያ ያስቀምጡ፤ በየወሩ የሚበቃዎትን ብቻ ይመንዝሩ። የአሜሪካ ዜጋ ሶሻል ሴኩሪቲውን ኢትዮጵያ ሆኖ ይቀበላል፤ ሜዲኬር ግን በአጠቃላይ ከአሜሪካ ውጭ አያሳክምም። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ሳይመለስ ቢቆይ መኖሪያውን ሊያጣ ይችላል። የእንግሊዝ ጡረታ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ይከፈላል እንጂ ዓመታዊ ጭማሪውን አያገኝም፤ በመጡበት መጠን ይቆማል።

ሕክምናውን አስቀድመው ያስቡ። ወባ አለ። ለከባድ ሕመም ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መድረስ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ የምዕራብ መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይሄዱ ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የጉዞ ኢንሹራንስን ዋጋ ሊያሳጣ ስለሚችል ውሉን ያንብቡ። የግንባታ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይላኩ።

እኔን የሚሰማ ጥንድ መጀመሪያ ቤት ይከራይ። የሐምሌን ጭቃና የወባውን ወቅት ይቅመሰው፤ ቅዳሜ ገበያ ይውጣ፤ ባልየው ያለ ሚስቱ አስተርጓሚነት ሽንኩርት ገዝቶ ይመለስ። ደላላው ያሳየዎትን ቦታም ዝናቡ ሲበረታ ሄደው ይዩት፤ ቦት ጫማ ያድርጉ። ከባሕር ዳር ወረታ ስልሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በነሐሴ ይምጡ።