የአታክልት ጉዞ ወደ ጅቡቲ

መመሪያ፦ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከግርጌው የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ጅቡቲ በባሕር ዳርቻ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ድንጋያማ በረሃ፣ ዝናቧም እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ ነዋሪዎቿ ከሚመገቡት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሩዝና ስንዴ በመርከብ ሲመጣ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ግን በብዛት የሚመጣው ከኢትዮጵያ፣ በተለይም ከሐረርጌ ደጋማ ስፍራዎች ነው።

ይህ የንግድ መሥመር ረጅም ታሪክ አለው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ጅቡቲ ነጻነቷን በተቀዳጀችበት በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ሲቀሰቀስ ድልድዮች በመፍረሳቸው የባቡሩ ጉዞ ለጊዜው ተቋረጠ። በ2010 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር የንግድ አገልግሎቱን ጀመረ።

ይሁን እንጂ ፈጣን ባቡር ወይም ሰፊ መንገድ ብቻውን ቲማቲምን ከመበስበስ አያድንም። ከገበሬው ማሳ እስከ ቸርቻሪዋ መደብ ድረስ ሰብሳቢው፣ ጫኚው፣ ሾፌሩ፣ የጉምሩክ ሠራተኛውና ጅምላ ነጋዴው እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል። ቲማቲሙ በቀትር ፀሐይ ከተለቀመ ሙቀቱን ይዞ ይጓዛል፤ በጆንያ ከታጨቀ ይጨፈለቃል፤ መኪናው የሰነድ ጉድለት ተገኝቶበት በደወሌ ኬላ ከቆመ ደግሞ በረሃው የቀረውን ያበላሸዋል። የተበላሸው ዋጋ በተረፈው ላይ ይታከላል። ስለሆነም ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፤ የጅቡቲ እናት ግን በውድ ትገዛለች።

ለዚህ ተቃራኒ ምሳሌ የሚሆነው የጫት ንግድ ነው። ጫት በጤናና በኑሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ቢሆንም፣ አጓጓዡ የሚያሳየው ጥንቃቄ ግን ትምህርት ይሰጣል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው ኃይሉ ስለሚደክም፣ ከአወዳይ ገበያ የሚነሣው ጫት እርጥበቱን እንዲጠብቅ ተጠቅልሎ ያለ መዘግየት ጅቡቲ ይገባል። ምሥጢሩ የመኪናው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የሥራውን ሰዓትና የሚፈለገውን መጠን አስቀድሞ ማወቁ ነው።

አታክልትም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በማለዳ ቅዝቃዜ መልቀም፣ በጥላ ሥር ማቆየት፣ አየር በሚያስገባ ሣጥን መጫን፣ ሰነዱን ከጉዞ በፊት ማሟላት፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ መሸጥ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ዘዴዎች ናቸው። የጅቡቲው ነጋዴም የሚፈልገውን መጠን በጊዜው ቢያስታውቅ፣ ገበያው አንድ ቀን ሞልቶ በማግስቱ ባዶ አይሆንም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ ጥንቃቄ የሌለው ፍጥነት የገበሬውን ድካም ከንቱ ያስቀራል።

ሀ. የቃላት ፍቺ
ኬላ፦ የመንገድ መቆጣጠሪያ ስፍራ
ጅምላ ነጋዴ፦ ዕቃ በብዛት ገዝቶ ለቸርቻሪዎች የሚሸጥ
ታጨቀ፦ ተጠቅጥቆ ሞላ

ለ. ጥያቄዎች
1. ጅቡቲ አብዛኛውን ምግቧን ከውጭ የምታስገባው ለምንድን ነው?
2. በጉዞ ላይ የሚበላሸው አታክልት ገበሬውንና ሸማቹን የሚጎዳው እንዴት ነው?
3. ከጫት ንግድ ለአታክልት ንግድ የሚወሰደው ትምህርት ምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ገበያ አንድ አታክልት ከማሳ እስከ ሸማቹ የሚያልፍባቸውን እጆች በአንድ አንቀጽ ግለጹ።