ለሰርጓጅ መርከበኛ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ

(ጠያቂዋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። መላሹ በንጉሡ ዘመን ምፅዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ሁለቱም የአንድ እድር አባላት ናቸው።)

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ላማክርዎት ነው የመጣሁት። የምንከባከባቸው አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ባለፈው ሳምንት አረፉ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የሰርጓጅ መርከብ ሰው ነበሩ። ልጃቸው «በመታሰቢያው ዕለት አንቺም አምስት ደቂቃ ተናገሪ» አለችኝ። አጭር የሕይወት ታሪክ ልጽፍ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ምንም አልመጣልኝም።

ጋሼ፦ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» የሚለውን ልትጽፊ ነበር? እሱን ልጃቸው ካንቺ በተሻለ ታውቀዋለች። ሰው ሁሉ እኮ ተወልዷል። አንቺ ያየሽው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ብዙ አያወሩም ነበር። ስለ ባሕሩ ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። ድምፅ ግን አይወዱም። የቁም ሳጥን በር እንኳ ሲዘጉ ጠቅ እንዳይል በመዳፋቸው ደግፈው ነው። አንድ ቀን የብረት ሳህን ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲንኳኳ እንዴት እንደገላመጡኝ! ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

ጋሼ፦ እንዴት አይገላምጡሽ! ሰርጓጅ መርከብ ጠልቃ ስትሄድ መስኮት የላትም፤ የምታውቀውን ሁሉ የምታውቀው በጆሮዋ ነው። የሚያሳድዳትም በጆሮው ነው የሚፈልጋት። ድምፅ ውኃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል፤ ከአንድ ሰው እጅ መፍቻ ቢወድቅ መርከቧ ያለችበት ሊታወቅ ይችላል። ያንን ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ የተማረ ሰው በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ይረሳዋል ብለሽ ነው? በይ፣ አንዱን አገኘን። ጻፊው።

ጠያቂ፦ ሳህኑን?

ጋሼ፦ ሳህኑንም፣ የቁም ሳጥኑንም በር። ሌላስ?

ጠያቂ፦ ዓርማ የተሰፋበት ጥቁር ሰማያዊ ሰደርያ ነበራቸው። ደረቱ ላይ ሁለት ዓሣ ያለበት የብር ምልክት አለው።

ጋሼ፦ ዓሣዎቹ ዶልፊን ናቸው፤ መሀላቸው ሰርጓጅ መርከብ አለች። ከ1924 ጀምሮ ነው የሚሰጠው። የምነግርሽ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ለመኮንን ወርቅማ፣ ለሌላው ባለ ማዕረግ ብርማ። ይህ ምልክት እንዲያው በአገልግሎት ብዛት አይገኝም። ወጥ ቤት የሚሠራው ሳይቀር መርከቧን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መማር አለበት፤ የውኃው ቧንቧ በየት ያልፋል፣ የአየሩ መዝጊያ የት ነው፣ መብራት ቢጠፋ እጅህ በዳበሳ ያገኘዋል ወይ እየተባለ ይፈተናል። ውኃ ሲገባ «እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ» ማለት የለማ! እስኪያልፍ ድረስ ነባሮቹ ሸክም ነው ብለው ነው የሚያዩት። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ የሚጠያየቁት የትውልድ ቦታ አይደለም፤ «ዶልፊንህን ያገኘኸው በየትኛዋ ላይ ነው?» ነው። የአንቺም ጽሑፍ ከዚያ ቢነሳ እወዳለሁ።

ጠያቂ፦ እርስዎ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት? ኢትዮጵያ ሰርጓጅ ነበራት እንዴ?

ጋሼ፦ አልነበራትም። ትልቋ መርከባችን «ኢትዮጵያ» ራሷ በ1962 ከአሜሪካኖቹ የተገኘች፣ ቀድሞ «ኦርካ» የምትባል የባሕር አውሮፕላኖች አገልጋይ ነበረች። የሰርጓጁን ነገር የሰማሁት እዚህ ነው፤ ጎረቤቴ ከእነሱ አንዱ ነበር። ማኅበራቸው ሟቾቹን ሲያስብ ይዞኝ ሄዷል። ደወል አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠፉት 52 የአሜሪካ ሰርጓጆች ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ ለእያንዳንዷ ደወሉ አንዴ ይመታል። ከ3,500 በላይ ሰው ነው። ለውጊያ ከወጡት ከአምስቱ አንዱ አልተመለሰም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የጠፉትም ይጠራሉ፤ በ1963 «ትሬሸር» ከ129 ሰው ጋር፣ በ1968 «ስኮርፒየን» ከ99 ጋር።

ጠያቂ፦ የኔ ሽማግሌ ግን አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። ደወሉ ለእሳቸው ይመታል?

ጋሼ፦ አልጋ ላይ የሞተውንም «ለዘላለም ቅኝት ወጣ» ነው የሚሉት፤ አይለዩትም። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ጎረቤቴንም ብዬዋለሁ። የሰጠሙት ስማቸው ድንጋይ ላይ አለ፤ ታሪካቸው ተጽፏል። ተመልሶ ሃምሳ ስልሳ ዓመት የኖረው፣ ቧንቧ ጠግኖ ልጅ አሳድጎ የሞተው ነው ሳይነገርለት የሚቀረው። የጦርነቱ ዘመን ሰዎች ማኅበር በ2012 ተበተነ፤ አባላቱ አልቀው። አሁን ደግሞ ተራው የአንቺ ሽማግሌ ዘመነኞች ነው።

ጠያቂ፦ ከተመለሱት ውስጥ ታሪኩ የሚታወቅ የለም?

ጋሼ፦ አለ እንጂ። በ1939 «ስኳለስ» የምትባል ሰርጓጅ ኒው ሃምፕሻየር አጠገብ ለሙከራ ስትጠልቅ የአየር መግቢያው ሳይዘጋ ቀርቶ ውኃ ገባባት። 26 ሰው ወዲያው ሰጠመ፤ 33ቱ ከፊት ክፍል በሕይወት ተቀመጡ። ጥልቀቱ ከ70 ሜትር በላይ ነው። ያለችበትን ያገኘቻት «ስካልፒን» የምትባል እህት መርከብ ናት። ደወል የመሰለ የብረት ክፍል በገመድ አውርደው፣ አራት ጊዜ ተመላልሰው 33ቱንም አወጧቸው፤ ከዚያ በፊት ከሰጠመች ሰርጓጅ ሰው በዚህ መልክ ወጥቶ አያውቅም ነበር። መርከቧን ጎትተው አነሷት፣ ጠገኗት፣ «ሴይልፊሽ» ብለው ስም ቀየሩላትና ወደ ጦርነቱ ላኳት። በታኅሣሥ 1943 ሴይልፊሽ «ቹዮ» የምትባል የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ መታች። ቹዮ ውስጥ ግን 21 አሜሪካውያን ምርኮኞች ነበሩ። ከየት እንደተማረኩ ታውቂያለሽ? ከስካልፒን። እሷ በኅዳር ተመትታ ነበር። ከ21ዱ አንድ ብቻ ተረፈ።

ጠያቂ፦ ያገኘቻትን መርከብ ሰዎች!

ጋሼ፦ ሳያውቁ። ሴይልፊሽ ላይ የነበሩት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ አልጠይቅም። ሽማግሌሽ ዝም ሲሉ ደብቀውሽ ነው አትበይ፤ ከፊሉ በፊርማ የተያዘ ምስጢር ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ለማን ይነገራል? አንቺም ያልነገሩሽን አትሙዪው። «ከሶቭየት ጋር ተፋጠው ዓለምን አዳኑ» የሚል ነገር እንዳትጨምሪ አደራ።

ጠያቂ፦ አንድ ጊዜ ብቻ ያሉኝ ነገር አለ። «እናቴ ስትሞት ውኃ ውስጥ ነበርኩ፤ የነገሩኝ ወደብ ስንገባ ነው» አሉ። ተምታቶባቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ጋሼ፦ አልተምታታባቸውም! ከ1960 መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካኖቹ ኑክሌር ሚሳይል የታጠቁ ሰርጓጆች አሰማሩ። የመጀመሪያዋ «ጆርጅ ዋሽንግተን» 66 ቀን ከውኃ በታች ቆይታ ነው የተመለሰችው። ሥራቸው መደበቅ ነው፤ መልእክት ይቀበላሉ እንጂ አይልኩም፣ ከላኩ ያሉበት ይታወቃል። ያኔ ቤተሰብ በአንድ ጉዞ ጥቂት መልእክት ብቻ ይፈቀድለት ነበር፤ እሱም በቃል ብዛት የተወሰነ ነበር፣ በኋላ ዘመን 40 ቃል ገደማ። ባሕር ኃይሉ አንብቦ ያሳልፈው ነበር። ክፉ ወሬ ግን አያልፍም ነበር። መርከበኛው ቢነገረውስ ምን ያደርጋል? መመለስ አይቻል፣ ደግፎ የሚያስለቅሰው ዘመድ የለ፣ በእጁ ያለው ሥራ ደግሞ የመቶ ምናምን ሰው ነፍስ ነው። ስለዚህ መርዶው አዛዡ ዘንድ ይቀመጣል። አዛዡ ያውቃል፣ ልጁ አያውቅም፤ በየቀኑ በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋሉ።

ጠያቂ፦ እኛስ እንዲያው አይደል የምናደርገው? የአገር ቤት መርዶ ሲመጣ ደብቀን ይዘን፣ ሽማግሌ ሰብስበን፣ በማለዳ በሩን አንኳኩተን...

ጋሼ፦ እኛ ብንደብቅ አንድ ሁለት ሌሊት ነው። እነሱ ሁለት ወር። አንዳንዱ ገና ሳይወጣ «ክፉ ነገር ቢመጣ ይነገርህ ወይስ ይቆይ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ይህንን ጥያቄ ሲመልስ እዪልኝ። ልጃቸው ከፈቀደች እኔ ብሆን አምስቱንም ደቂቃ ለዚህ እሰጠዋለሁ። የሕመማቸውን ነገር ግን እንዳታነሺ፤ እሱ የሥራ አደራሽ ነው።

ጠያቂ፦ የከበደኝ ሌላም አለ። አስከሬናቸው ተቃጥሏል። አመዱን ለባሕር ኃይሉ ሰጥተው ባሕር ላይ ይበተናል አለች። መቃብር የለም፣ ሐውልት የለም። ፍታት ለለመደ ሰው...

ጋሼ፦ ለእኔም ይከብደኛል፤ አልዋሽሽም። ግን የሚሆነውን ስሚ። መርከቧ ለሥራ ስትወጣ ይዛው ትሄዳለች፤ ቤተሰብ አይገኝም። ጸሎት ይደረጋል፣ ሲጨርሱ አዛዡ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ሳይቀር። እኔ በ1982 የካቲት በእኛ አቆጣጠር ምፅዋ ስትያዝ የቀሩ ጓደኞች አሉኝ። የት እንደወደቁ የሚነግረኝ ወረቀት በእጄ የለም። ያቺን ደብዳቤ አትናቂያት።

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ። የኖሩበትን ዓይነት ቦታ ባየው ይቀለኝ ነበር።

ጋሼ፦ ባልቲሞር ወደብ ላይ «ቶርስክ» አለች፤ ከዚህ አንድ ሰዓት አይሞላም። በናፍጣ የምትሄደዋ ዓይነት ናት፤ ነሐሴ 14 ቀን 1945 ሁለት የጃፓን መርከቦች አስጥማለች፣ ከ10,000 ጊዜ በላይ ጠልቃለች። ቲኬት ቆርጠሽ ግቢ። ቶርፔዶ ከሚጫንበት ክፍል ጀምሪ፤ አልጋዎቹ ቶርፔዶው አጠገብና በላዩ ላይ ተንጠልጥለዋል። ራስሽን ጠብቂ፣ በሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው።

ጠያቂ፦ ዛሬ ማታ ለልጃቸው እደውላለሁ። ዶልፊናቸውን በየትኛዋ ላይ እንዳገኙ እጠይቃታለሁ።

ጋሼ፦ ቁጥሯንም ጠይቂ። አሜሪካኖቹ የሰጠመችን መርከብ ስም ለአዲስ ይሰጣሉ። በ1944 በራሷ ቶርፔዶ የሰጠመች «ታንግ» አለች፤ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራች ሌላ «ታንግ» አለች። ስካልፒንም እንደዚያው ሁለት ናት። ብታምታቺ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ባለ ሰደርያዎች እዚያው ያርሙሻል፤ አይምሩም።